ለሀና ማርያም ዳገት የመረጥኩት ዲፈረንሻል

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቴ ጋቢ አለበሰኝ። አንድ ወጣት ኃላፊም «እናታችን ብዙ ደክመዋል፣ ከእንግዲህ ይረፉ» ብሎ ንግግር አደረገ። ጋቢውን ተቀበልኩ፤ ድካሙን ግን አልተቀበልኩም። አልደከመኝም። ዛሬም ከሳሪስ ወደ ጎተራ በታክሲ ስሄድ ሾፌሩ ማርሽ ሲያዘገይ ጥርሴን እነክሳለሁ፤ ዲፈረንሻሉ የሚያፏጭ መኪና ከገጠመኝም ሳልወርድ በፊት እነግረዋለሁ። አንዳንዱ ያመሰግነኛል። አንዳንዱ «እማማ፣ ቤትዎ ሄደው ሽሮዎን ይሥሩ» ይለኛል። ሽሮም እሠራለሁ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ከንግግሩ በኋላ አንዲት ልጅ «በሥራ ዘመንዎ የሠሩት ትልቁ ሥራ የቱ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ትልልቅ ማሽን እንዳወራ የጠበቁ ይመስለኛል። «አንድ የኋላ አክስል» አልኳት። ሳቁ። ይሳቁ፤ ይህን የምጽፈው ለሳቁት ነው።

ጥሩወርቅ እባላለሁ። በደርግ ጊዜ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ስወጣ ንፋስ ስልክ ወዳለ አንድ የመንግሥት ጋራዥ ተመደብኩ። ጋራዡ ከመወረሱ በፊት የአንድ ጣሊያን ነበር። የመጀመሪያው አለቃዬ ሴት መካኒክ ስትላክለት ግራ ገባውና ዕቃ ማጠቢያው ላይ አቆመኝ። ሌላው የፈታውን ብረት ቀኑን ሙሉ በናፍታ ሳጥብ እውላለሁ፤ የእጄ ቆዳ ተላጠ። ሁለተኛው አለቃ ደግሞ ሰልፍ በወጣን ቁጥር ቱታ አስለብሶ ከፊት ያሰልፈኛል፤ ስንመለስ ቁልፍ አያስጨብጠኝም። ከሁለቱ የትኛው ይብስ እንደነበር እስካሁን አልወሰንኩም። ስለ ደሞዙ የማወራው የለኝም፤ እንደማንኛውም ሰው ደሞዝ ወር ሳይሞላ የሚያልቅ ነበር።

ከማጠቢያው ያወጣኝ ጋሽ ሽኩር ነው። የካምቢዮና የዲፈረንሻል ክፍል ኃላፊ ነበር፤ ሙያውን ገና በጎረምሳነቱ ከጣሊያኑ ሥር ሆኖ ለምዶታል። አንድ ቀን ያጠብኩትን ኩሽኔታ፣ ዘንግ የሚሽከረከርበትን የብረት ቀለበት፣ አንሥቶ ጆሮው ሥር አሽከረከረው፣ ከዚያ ለእኔ ሰጠኝና «አንቺስ ምን ሰማሽ?» አለኝ። «አሸዋ አለበት» አልኩት። በማግሥቱ እሱ ዘንድ ሥራ ጀመርኩ። እንዴት አድርጎ አለቃውን እንዳሳመነ አልጠየቅኩም።

ጋሽ ሽኩር ዲፈረንሻል ሲፈታ መሬት ላይ ንጹሕ ጆንያ ያነጥፋል፤ ዕቃውን በአወጣጡ ተራ ይደረድራል፤ በዚያ ጆንያ ላይ የረገጠ ሰው ወየውለት። ትልቁን ባለ ጥርስ ክብ፣ ኮሮናውን፣ እሱን ከሚነዳው ከትንሹ ፒኞን ጋር ሲያገናኝ ጥርሱን ቀይ ቀለም ይቀባና በእጁ ያዞረዋል። ቀለሙ የተነሣበትን ቦታ አይቶ ጥርሶቹ የት ላይ እንደሚነካኩ ያውቃል። ጠርዝ ላይ ከሆነ ይፈታል። ገጥሞ አይቶ ደግሞ ይፈታል፤ ምሳ ሰዓት ቢያልፍም፣ አለቃ ቢጮኽም። በቃል አያስተምርም፤ እጄን ይዞ ብረቱ ላይ ያስቀምጥና «እጅሽ ይስማ» ይላል። እጄም መስማት ጀመረ።

ከልማዶቹ ሁሉ ሰው የሚስቅበት አንዱን ነበር። ከባድ ሥራ የሚጠብቃት መኪና ስትመጣ የምትሄድበትን መንገድ በእግሩ ሄዶ ያያል። ዳገቱ መሀል ላይ ቆሞ የራሱን ትንፋሽ ያዳምጣል። «ማርሽ የሚመርጠው ሾፌር አይደለም፣ መንገዱ ነው» ይል ነበር።

አሁን ወደ መኪናዋ ልምጣ። ቤንዚን በኩፖን የሆነበት ጊዜ ነው። በፉሪ በኩል ያለ አንድ የገበሬ ማኅበር ወተትና ጎመን ወደ ከተማ የሚያወርድባት፣ ማዳበሪያና ዘር የሚያወጣባት አንዲት የጃፓን ፒክ አፕ ነበረችው። ኩፖኑ ወር አያደርስም፤ ከወሩ አጋማሽ በኋላ መኪናዋ ትቆማለች፣ ወተቱ እቤት ይበላሻል። ማኅበሩ ከአንድ የእርሻ ጣቢያ የውሃ መሳቢያ የተነቀለ የናፍታ ሞተር አገኘና «ይህን ግጠሙልን» ብሎ ወደ እኛ መጣ።

ሞተሩን ገጠምነው። ያ ላብ ነው እንጂ ጭንቀት አይደለም፤ ጭንቀቱ ያለው ከኋላ ነው። የቤንዚን ሞተር ጉልበት የሚሰጠው በፍጥነት ሲሽከረከር ነው። የውሃ መሳቢያ ናፍታ ደግሞ ዝግ ብሎ ነው የሚገፋው፤ ከልኩ በላይ ብታስሮጠው ይጮኻል እንጂ አይጨምርም። የመኪናዋ የድሮ ዲፈረንሻል ለቤንዚኑ የተሠራ ነበር፤ ኮሮናው ሠላሳ ዘጠኝ ጥርስ፣ ፒኞኑ ስምንት። ጎማው አንድ ጊዜ እስኪዞር ሞተሩ አምስት ጊዜ ሊዞር ምንም አይቀረው። በእሱው ደብረ ዘይት መንገድ ላይ ስንሞክራት ስልሳ ሳትደርስ ሞተሩ ዳር ደረሰ፤ ከኋላችን የጭነት መኪናው ሁሉ ጡሩንባውን ይነፋል። የማኅበሩ ካድሬ ጓድ ለሜሳ አብሮን ነበር። የፉሪ ልጅ ነው፣ ገበሬው ወልዶ ያስተማረው። «ይቺ የምታደርሰው ወተት ነው ወይስ እርጎ?» አለ። ሳቅን፤ እውነቱን ነበርና።

ስለዚህ ሠላሳ ዘጠኝ ለአሥር የሆነ ዲፈረንሻል መረጥን፤ አስፋልት ላይ ያስሮጣል፣ ዳገት ላይ ግን ጉልበት ይቀንሳል። ጋሽ ሽኩር እንደ ልማዱ መንገዱን ሊያይ ሄደ፣ እኔም ተከተልኩት። ከወንዙ ወደ ሀና ማርያም የሚያወጣው ዳገት ያኔ ቀይ አፈርና ድንጋይ ነው። ወጣን፣ ወረድን፣ እንደገና ወጣን። ከላይ የማኅበሩን ሰው «ስንት ትጭናለች?» ብለን ጠየቅን። አሥር ኩንታል አለን። ደግመን ብንጠይቀውም ያው አሥር ኩንታል ነው። ለአሥር ኩንታል ይበቃል አልን። ለአሥር ኩንታልም በእርግጥ ይበቃ ነበር።

ያልጠየቅነው ስለ ሰው ነው። በዚያ አገር ሰው ጭነት አይደለም። ጭነት ማዳበሪያ ነው፣ እህል ነው፣ ወተት ነው። ከገበያ የምትመለስ እናት ወይም ለቅሶ የሚደርስ ሽማግሌ ዳገቱ ሥር ቆሞ እጁን ካነሣ ሾፌር ያቆማል፤ ካላቆመ በነጋታው ሰላም የሚለው አያገኝም። የወጣውን የሚቆጥር የለም። በማኅበር መኪና ሰው መጫን በደንብ የተከለከለ ነው፤ ደንቡንም ሁሉም ያውቀዋል። እኔ ራሴ የዚያው አካባቢ ልጅ ነኝ፤ በስንቱ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ያን ዳገት ወጥቻለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ክብደት አለኝ ብዬ አስቤ አላውቅም። እንዲህ ያለ ስህተት የሚሳሳት የዚያው ሰፈር ሰው ብቻ ነው።

ግንቦት ሃያ አንድ፣ የማርያም ዕለት፣ መኪናዋ ማዳበሪያ ጭና፣ በላዩ የቤተ ክርስቲያን ተሳላሚ ደርባ ዳገቱን ጀመረች። መሀል ላይ ሞተሩ አቃሰተ፣ ሾፌሩ ወርቁ ፍሪሲዮኑን ይዞ እንደ ምንም ሊያስወጣት ታገለ፣ ፍሪሲዮኑ ተቃጠለ። ወደ ኋላ ሄደች፤ ፍሬኑ አልያዛትም። ወደ ወንዙ የሚወርደው ቦይ ውስጥ ገብታ ተገለበጠች። የአንድ ገበሬ እግር ተሰበረ። ሊዘራ ቀን የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ማዳበሪያውን ወንዝ ሲወስደው ቆሞ አየ። ወሬው ጋራዥ ሲደርስ የሥራው ጠረጴዛ ላይ ተደግፌ አለቀስኩ።

በዚያ ዘመን መኪና ዝም ብሎ አይወድቅም። ማን ጣለው? ነው የሚባለው። በማግሥቱ ጓድ ለሜሳ ጋራዡን ሰበሰበን። «የድሮው ዲፈረንሻል ዳገቱን ይወጣ ነበር ወይስ አይወጣም ነበር?» አለ። ይወጣ ነበር አልን። «ማን ቀየረው?» ጋሽ ሽኩር እጁን አወጣ። «ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው» አለ ለሜሳ። ከስብሰባው ሳንወጣ ጋሽ ሽኩርን ከቀበሌ በላይ ወዳለው ወደ ከፍተኛው እስር ቤት ወሰዱት፤ ጆንያው ላይ የተደረደረው ዕቃ እንዳለ ቀረ።

እኔ ተነሥቼ «ተሳስተናል፤ አላሻጠርንም» አልኩ። ለሜሳ «ልዩነቱ ምንድን ነው? ማዳበሪያው ወንዝ ገብቷል» አለኝ። ልዩነቱ የሰው ነፍስ ነበር።

መኪናዋ ላይ ሰው ነበር ብንል ነገሩ ባለቀ። ግን ማን ይበል? ወርቁ ማንንም አልጫንኩም ብሎ ቃሉን ሰጥቷል፤ ጫንኩ ካለ እሱ ይታሰራል። እግሩ የተሰበረው ገበሬ እንኳ «በመንገዱ ዳር ስሄድ ነው የገጨችኝ» አለ። ሀና ማርያም ወጥቼ የማገኘውን ሁሉ ጠየቅኩ። «እኔ በእግሬ ነው የሄድኩት፣ የኔ ልጅ።» ሁሉም በእግሩ ነው የሄደው። ተናድጄ ተመለስኩ፤ በእነሱ አልፈርድም ግን፣ የተፈራው የሚያስፈራ ነገር ነበር።

ለጋሽ ሽኩር ስንቅ ሳደርስለት ጠባቂው ከአጠገባችን አይንቀሳቀስም።

«የተሰበረ ጥርስ አለ?» አለኝ ጋሽ ሽኩር ገና ሰላም ሳንባባል።

«የለም። የተቃጠለው ፍሪሲዮኑ ነው።»

«ስለ ሥራ ማውራት ክልክል ነው!» አለ ጠባቂው።

ጋሽ ሽኩር የምሳ ዕቃውን ከፈተና ወጡን አየ። «ይህን ለስንት ሰው ነው የሠራሽው?»

«ለአሥር» አልኩ፤ የሚለው ገብቶኝ።

«ስንት ሰው በላው?»

«እንጃ ጋሼ። ማንም አልቆጠረም።»

«እንግዲህ ቆጥረሽ ሥሪያ!» አለና ምሳ ዕቃውን ዘጋው።

አለቃችን የድሮውን ዲፈረንሻል መልሰን እንድንገጥም አዘዘ። እምቢ አልኩ። አንደኛ፣ ወደ እሱ ከተመለስን ወተቱ እርጎ ይሆናል፤ መኪናዋን ለማዳን ብለን የተሠራችበትን ነገር መግደል ነው። ሁለተኛ፣ መመለስ ማለት መቀየሩ ወንጀል ነበር ብሎ ማመን ነው። አሥር ኩንታል ከነሰዉ የሚያወጣ፣ አስፋልት ላይም የማያስጮኽ ልክ መኖር አለበት ብዬ ያገለገለ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወረድኩ።

እዚያ ነጋዴው ሁሉ «ይሄ ልክ ለናፍታ የሚሆን ነው» ይላል፤ የማይሆን ዕቃ ሸጦ አያውቅም። እኔ ጠመኔ ይዣለሁ። የአክስሉን ሁለት ጫፎች አንድ ላይ እኩል አዞርና ፒኞኑ ስንት ጊዜ እንደዞረ በጠመኔው ምልክት እቆጥራለሁ። አንዱን ጫፍ ይዘው አንዱን ብቻ ካዞሩት ዲፈረንሻሉ ግማሹን ነው የሚያሳየው፤ ስንቱ በዚህ ተታልሎ የማይሆን ብረት ተሸክሞ ገብቷል። ጥርሱ ቢስማማ ደግሞ ስፋቱ አይስማማም፣ ስፋቱ ቢስማማ የባሌስትራው መቀመጫ ይርቃል፣ እሱ ቢስማማ የጎማው ብሎን ይለያል። ስመላለስ ከርሜ አንዱ ሱቅ ጓሮ፣ ከቆርቆሮ ሥር፣ የምፈልገውን አገኘሁ። ከፍቼ ጥርሱን ቆጠርኩ፤ ኮሮናው አርባ አንድ፣ ፒኞኑ ዘጠኝ። ጎማው አንዴ ሲዞር አራት ተኩል ፈቀቅ ያለ። ነጋዴው ፊቴን አይቶ ዋጋውን ጨመረ፤ ልክ ነው፣ እኔም ብሆን እጨምር ነበር።

ጎተራ ያለ ቶርኖ ቤት የመኪናዋን ዘንግ በልኩ አስቆረጥኩ፣ ከከባድ መኪና ላይ ሰፋ ያለ ፍሪሲዮን አገኘሁ። ጥርሱን ቀይ ቀለም ቀብቼ አዞርኩት። ጠርዝ ላይ ነካ። ፈታሁት። «እጅሽ ይስማ» የሚለኝ ባይኖርም እጄን ብረቱ ላይ አሳረፍኩ። ቀለሙ የጥርሱ መሀል ላይ ሲነሣ ያን ጊዜ ዘጋሁት።

ጉዳዩን የሚያጣራው አንድ ሻምበል ነበር፤ የሌላ ክፍለ ሀገር ሰው፣ የማይጮኽ፣ ስለማይጮኽም ይበልጥ የምፈራው። መኪናዋ በዚያው ዳገት ትፈተን አልኩት። ተስማማ። ለሜሳ ግን ብልህ ነው። «አሥር ኩንታል ይዛ ከወጣች» አለ፣ «የሚወጣ ዲፈረንሻል እያለ የማይወጣውን መምረጣቸው ተረጋገጠ ማለት ነው።» አንገቴ ላይ ገመድ የገባ መሰለኝ። ካልወጣች አሻጥር፣ ከወጣችም አሻጥር። ጋሽ ሽኩር ወደ ላይ ይተላለፋል፤ ወደ ላይ ከተላለፈ ሰው የተመለሰ አላየንም። «ሰው ይጫንና ትፈተን» ብዬ ለመንኩ። ሻምበሉ ደንቡን ጠቀሰልኝ።

«እሺ፣ ቀኑን ግን እኔ ልምረጥ» አልኩ። «ምረጪ» አለኝ። ሰኔ ሃያ አንድ አልኩ። ሻምበሉ ቀኑን መዘገበ። ለሜሳ ቀና ብሎ አየኝ። ማርያም መሆኑን ያውቃል። ነገር ግን ካድሬ ነው፤ በሻምበል ፊት ታቦት አክብሮ ቀን ይቀየር ሊል አይችልም። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም።

በዕለቱ ሌሊቱን የዘነበው አባርቶ ጭቃው ያበራል። ሻምበሉ ከኮሚቴው ጋር ከላይ ቆሞ ይጠብቃል። ወርቁ መሪው ላይ፣ ለሜሳ ከጎኑ፣ እኔ ከኋላ ጆንያው ላይ። ከወንዙ ተሻግረን ዳገቱ ሥር ስንደርስ ሰዉ በነጠላ በነጠላ ሆኖ መንገዱን ሞልቶታል። እጅ ተነሣ። ወርቁ አላቆመም፤ አንገቱን ቀብሮ ይነዳል። ሌላም እጅ ተነሣ፣ አለፍነው። «ወርቁ ጨከንክብን!» የሚል ድምፅ ከኋላችን ሰማሁ። ሰማንያ ማርያም ብመርጥም ፍርሃት ያሸንፋል ማለት ነው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

ከዚያ አንዲት አሮጊት ዱላቸውን ጭቃው ውስጥ ተክለው መንገዱ መሀል ላይ ቆመው ታዩ። አንድ እግራቸውን ያነክሳሉ። ወርቁ ሊዞራቸው መሪውን ጠመዘዘ።

«አቁም!» አለ ለሜሳ።

መኪናዋ ቆመች። ለሜሳ ራሱ ወረደ። «አዴ፣ በዚህ ጭቃ ማን ውጪ አለሽ?» እያለ አሮጊቷን በሁለት እጁ አቅፎ አነሣቸውና ጋቢናው ውስጥ በራሱ ቦታ አስቀመጣቸው። እናቱ ናቸው፣ አዴ ጫልቱ። እሱ ከኋላ ሊወጣ ሲል ግን ዳገቱ ሥር የቀረው ሕዝብ መኪናዋ መቆሟን አይቷል። ለአንዷ ከቆመ ለሁሉም ቆሟል። በጎን ወጡ፣ በኋላ ወጡ፣ አንዱ ሽማግሌ በእኔ ጉልበት ላይ ተቀመጡ። ለሜሳ አንዴ «ክልክል ነው!» አለ፤ «አይ ልጅ ለሜሳ፣ እናትህን ብቻ ነው የማርያም እንግዳ ያደረግከው?» አሉት። እሱም ጥግ ይዞ ቆመ።

«አንደኛ ማርሽ!» ብዬ የጋቢናውን ጣሪያ ደበደብኩ። «እንዳትቀይር!»

ጀመረች። ሞተሩ ዝግ ብሎ፣ ሳይጮኽ፣ አንድ አንድ እያለ ገፋ። ያቺ የተገለበጠችበት ቦታ ላይ ስንደርስ ሰዉ ሁሉ የያዘውን ጠበቅ አድርጎ ጨበጠ፤ የሁሉም እግር ያቺን ቦታ ያውቃታል። እኔ በጆንያው መሀል እጄን አሾልኬ ወለሉን ያዝኩ። ከሥሬ ዲፈረንሻሉ ሲሠራ ይሰማኛል፤ አያፏጭም፣ አያንኳኳም። አለፍናት። እልል አሉ።

ላይ ስንደርስ ሻምበሉ መኪናዋን ዞሮ አያት። «ማነው ይህን ሁሉ ሰው የጫነው?» አለ። ወርቁ መሪውን ያያል። ለሜሳ ጭቃውን ያያል። «ግንቦት ላይም እንዲህ ነበር?» አለ ሻምበሉ። ሁሉም እንደገና በእግሩ ሊሄድ ነው ብዬ አፌን ስከፍት አዴ ጫልቱ ከጋቢናው ውስጥ ዱላቸውን አወጡ።

«ምን ያስደብቃል? ሁልጊዜ በዚህችው ነው የምንወጣው። ያን ቀንም ላይዋ ነበርኩ፣ ወድቄ ነው ጉልበቴ እንዲህ ያበጠው። ሌሊት ሌሊት በቅቤ የሚያሸኝ ይኸው ልጄ አይደለም እንዴ?»

ሻምበሉ ለሜሳን አየው። «ሰውየውን ፍቱት» አለና ወደ መኪናው ሄደ።

ጋሽ ሽኩር ተፈታ፤ ከስቶ፣ ጢሙ ነጭ ሆኖ። መኪናዋም ከነዚያው ጥርሶች ጋር ወተቱን ሳይረጋ ማድረሷን ቀጠለች። በለሜሳ ላይ ለረጅም ጊዜ ተናድጄ ኖሬአለሁ። ኋላ ግን እሱም አሻጥረኛ ካላገኘ ራሱ አሻጥረኛ ይባል እንደነበር ገባኝ። ገባኝ እንጂ ይቅር አላልኩትም፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

ፋይሉ እንዲዘጋ አንድ ግለ ሂስ ቀርቶ ነበር። ይዞልኝ የመጣውም ያው ለሜሳ ነው። «በንዝህላልነቴ ለአሻጥር በር ከፍቻለሁ» ይላል ወረቀቱ፤ ከሥሩ የእኔ ስም። ጋራዡ ሥራ አቁሞ ያየናል።

«ተሳስቻለሁ የሚል ጽፈህ አምጣ፣ አሁን እፈርማለሁ» አልኩት። «አሻጥር የሚል ቃል ያለበትን ግን፣ እያወቀ የደበቀ ይፈርመው።» ብዕሩን ወደ እሱ ገፋሁለት።

ብዕሩን ሳይነካ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ። ማናችንም አልፈረምንም። የእኔ የደረጃ ዕድገት ለዓመታት ታገደ። ይታገድ።